ከአጥሬ ማዶ ያለው የብርቄ ዓይን

ዓይኔ ደህና ነው እላለሁ እኔ። በዚህ ዕድሜዬ መርፌ ውስጥ ክር አገባለሁ፤ ደጃፌ ላይ ቆሜ ወደ ደባርቅ የሚወርደው መኪና የጭነት ይሁን የሰው እለያለሁ። እናንተም በዓይናችሁ ሳትኮሩ አትቀሩም። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ጎረቤታችሁ በሩን ሌላ ቀለም ቢቀባ በስንተኛው ቀን ታያላችሁ? የኔ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን የሚያህል ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ ገብቶ፣ ራቱን በልቶ እስኪነሳ አላየሁም። ላሚቷ ልትወልድ ነበርና ልቤ በረት ነው ያለው። «ምነው፣ ምንም አትዪም?» ቢለኝ፣ «ገና ናት፣ አልወለደችም» አልኩት።

ለካ ዓይን ብቻውን አያይም፤ ልብ አብሮት ካልሄደ ዝም ብሎ ተከፍቶ ይውላል እንጂ።

ይህን በደንብ ያስተማረችኝ ብርቄ ናት። ብርቄ ከአጥሬ ማዶ ያለች ጎረቤቴ ናት። ዶሮዬ ነጭ ሽንኩርቷን ጫረችባትና ተጣላን። በዶሮ ተጣሉ ብላችሁ ልታፍሩልን ትችላላችሁ፤ እኛ ግን አላፈርንም። እሷማ «ዳግመኛ ስሟን ብጠራ!» ብላ በማርያም ማለች። ከዚያ ወዲህ የምትለኝ ነገር ካለ ለውሻዬ ነው የምትነግረው። «አንተ ውሻ፣ በሬዋ ማሳዬ ገብቷል በላት» ትላለች። እኔም «ሰምታለች በላት» እላለሁ። ውሻው አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል፤ ከሦስታችን ጨዋው እሱ ነበር።

ደግሞ ታየኛለች። ምን አሰጣች፣ ማን መጣላት፣ ምን ይዛ ገባች ብላ ከአጥሩ ቀዳዳ አትነቀልም። አንዱን ቀዳዳ በእሾህ ብደፍነው ሌላ ታበጃለች። «ዓይኗ ይፍሰስ!» እያልኩ ስንቴ ረግሜያታለሁ።

ታዲያ አምና ገብሱ ሲደርስ፣ ልጄ ቡይት ራስ ወዳለው የቱሪስት ሎጅ ወጥ ቤት ለሥራ ስትሄድ ሕፃኗን ማሕሌትን ለኔ ትታልኝ ነበር። ማሕሌት ያኔ ገና መሄድ መጀመሯ ነው፤ መውደቅ እንጂ መፍራት አታውቅም። ደጃፌ ላይ አጎዛ አንጥፌ፣ በጋቢ ጠቅልዬ አስቀመጥኋት። ከደጃፌ በታች ገብሳችን ነው። ከገብሱ በታች ገደል ነው። የኛን አገር ገደል ያየ ያውቀዋል፤ ድንጋይ ብትጥሉበት ሲያርፍ አትሰሙትም።

ከላይ በመንገዱ በኩል የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መጣ። ሁለት ወንዶች ጎፈራቸውን ነስንሰው፣ ከንፈራቸውን ገልብጠው ተያያዙ፤ ሴቶቹ ይንጫጫሉ፤ መንደሩ እንዳለ ሊያይ ወጣ። ጭላዳ ለፈረንጅ ብርቅ ቢሆን ለኔ የገብስ ሌባ ነው፤ ስንቱን አባርሬያለሁ። ያን ቀን ግን ትንሹ ትልቁን ሲያሳድደው አይቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «በለው!» እላለሁ፣ እኔ አሮጊቷ። በመሃል አጎዛውን ዞር ብዬ አየሁ፤ ማሕሌት አለች። ደግሜ አየሁ፤ አለች። አየኋት እኮ ነው የምላችሁ! ለካ ያየሁት ጋቢውን ነው። እሷ ወጥታ ሄዳ፣ ጋቢው እንደተኮፈሰ ተቀምጧል። ዓይኔ ልጅ ናት አለኝ፤ እኔም አመንኩት።

መንደሩ ሁሉ ጭላዳ ሲያይ፣ እኔን የምታይ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

«አንተ ውሻ! ዙሪ በላት!»

ጀመራት ደግሞ ብዬ አልዞርኩም።

«አንቺ ዘነቡ! ልጅቱ! ወደ ገደሉ!»

ስሜን ከአፏ ስሰማ ነው ክው ያልኩት። ዞር ብል ጋቢው ጋቢ ሆነብኝ። ብርቄ ግን ያን የተጣላንበትን ነጭ ሽንኩርት በገዛ እግሯ ረጋግጣ፣ አጥሩን ጥሳ፣ ገብሱን ሰንጥቃ ወረደች። ገብሱ ከልጅቱ ቁመት ይበልጣልና ከታች ጫፉ ሲነቃነቅ ብቻ ይታየኛል። ብርቄ ጎንበስ አለች። እኔ «ማርያም! ማርያም!» እላለሁ። ቀና ስትል ማሕሌት እቅፏ ውስጥ ናት፤ የገብስ ዛላ ጨብጣ፣ ለምን ከመንገዴ መለሳችሁኝ ብላ ትጮሃለች። ከቆሙበት ወዲያ መሬት አልነበረም።

እየተደናቀፍኩ ደርሼ እግሯ ላይ ወደቅሁ።

«ተነሽ፣ ተነሽ» አለችኝ እያለከለከች። «መሐላዬን አስፈረስሽኝ እኮ፣ አንቺ ሴት!»

«የኔ እናት፣ ምን ስታዪ ነው ያየሻት?»

«አንቺን ነዋ! ዛሬ ደግሞ ምን ታደርግ ይሆን ብዬ።»

የነፍስ አባታችን ስለ መሐላው ስግደት አዘዙባት። «አባቴ፣ ይህ ስግደት የኔ ነውና ለኔ ይስጡኝ» ብላቸው፣ «አንቺም ስገጂ፤ የሷ ለመሐላው፣ ያንቺ ለማመስገኛው» አሉኝ። ጎን ለጎን ሰገድን። ጉልበቷ ከኔ ይሻላልና ቶሎ ጨረሰች፤ ጨርሳም አልሄደችም። «ግንባርሽ መሬት አልነካም፣ ድገሚ» እያለች ቆማ ታየኛለች። ደገምኩ።

ማሕሌት ዛሬ ትሮጣለች፣ ትሳደባለች፣ ተመስገን። እኔም ማለዳ ስነሳ፣ ይፍሰስ ያልኩትን ዓይን አምላኬ ስላላፈሰሰው አመሰግናለሁ፤ እርግማኔን ሁሉ ቢሰማኝ ኖሮ ዛሬ ምን ይውጠኝ ነበር?

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ከታረቅን ወዲህ ብርቄ ደጃፌ መጥታ ከጎኔ ትቀመጣለች፤ ጭላዳው ሲመጣ ሁለታችንም ጭላዳውን እናያለን፤ እኛን ማን ይየን? እንግዲህ አስታራቂ ሽማግሌዎች ሳይሰሙ፣ በወዲያኛው በኩል ካለችው ጎረቤቴ ጋር ትንሽ ልጣላ አስቤያለሁ።