ትንፍሽ የማይሉት እትዬ ገላነሽ

በየሰፈሩ የሰው ሕመም የሚያናንቅ አንድ ሰው አይጠፋም። እግራችሁ ቢሰበር፣ እሱን እንቅፋት የመታው ለት ይብስ ነበር። ሐረር፣ ከግንቡ ውጭ በእኛ ሰፈር ይህን ሹመት የያዙት ክብርት ወይዘሮ ገላነሽ ናቸው፤ የምጥ ጉዳይ የበላይ ጠባቂ። ማን እንደሾማቸው እንጃ።

“ዘጠኝ ወልጄ ትንፍሽ አላልኩም” ይላሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። መምህር ደምሴ መንጋጋውን ተነቅሎ ሲያቃስት ቢያገኙት፣ ወንድ ነው ሴት ብለው ጠየቁት። ጀጎል ውስጥ ያለችው ወዳጃቸው ዘሀራ ምጥ ይዟት “ያ አላህ” ብላ ብትጮህ ደግሞ፣ ቀስ ብለሽ ጥሪው፣ ይሰማል አሏት። ዘሀራ ከዚያ ወዲያ ስታረግዝ ወሩን ትዋሻቸዋለች።

እኔ የት ልደበቅ? ግቢያችን አንድ ነው። በስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት የበኩር ልጄን ሳምጥ፣ ባሌ እንደሻው ወታደር ነውና ኦጋዴን ነበር። ሆስፒታል የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው፤ ራስጌዬ ቆመው በነጠላቸው ጫፍ አፌን ያፈኑኝም እሳቸው። ሁለት ቀን አማጥኩ። ጉልበቴ አለቀ፤ ሞቴን ተመኘሁ።

ፈረንጁ ሐኪም መጣና፣ ጀርባዋ ላይ የሚወጋ መርፌ አለ፣ ከወገቧ በታች ያደነዝዝላታል፣ ትንሽ ታርፋለች አለ። ግን ዘመድ ይፈርም ተባለ። ከእትዬ ገላነሽ በቀር ማን አለኝ? አለቀልኝ አልኩ። ይቺ ሴትዮ በኩራቷ ልትገድለኝ ነው ብዬ ከልቤ ጠላኋቸው።

ወረቀቱን ተቀበሉ። ማንበብ አይችሉም፤ አገላብጠው አዩት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት።

“ውጋት ልጄ፤ ቶሎ በል” አሉት።

መርፌው ከያዘኝ በኋላ፣ ለምን ፈቀዱ ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ጽጌሬዳ ልጄ ሦስት ቀን አማጠች። ወደዚህ ሰፈር ሳልመጣ ነው። አንዴ እንኳ አልጮኸችም። ዝም ስትል የበረታች መስሎኝ፣ ጎበዝ እላት ነበር። ለካ እየሞተች ኖሯል።”

ከዚያ ድምፃቸውን ለቀው አለቀሱ። ነርሷ መርፌው ያልያዘኝ መስሏት እየሮጠች ገባች።

“እኔን አይደለም” አልኳት። “እናቴን ነው ያመማቸው።”