ባና የለበሰ ብየዳ

«የሞተ ተጎዳ» ይላል ሰው፣ ከለቅሶ ተመልሶ ንፍሮ እየቆረጠመ። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። የሞተስ አንዴ ተጎድቶ ተገላገለ፤ ከዚያ ወዲያ የመንዝ ብርድ ጉልበቱን አይቆረጥመው። የሚጎዳው ቀሪው ነው። በተለይ አፈ ሰፊው ቀሪ፤ በተዝካር ቀን ጠላ ቀምሶ፣ ሰው ፊት ቆሞ፣ እጁ የማያውቀውን ሥራ «እሠራለሁ» ብሎ የሚምል። እንዲህ ያለ ሰው አታውቁ ይሆናል። አሁን ተዋወቃችሁት።

ባለቤቴ ዘነበች ዕድሜዋን የጨረሰችው የሰው በግ ከገብሳችን ስታባርር ነው። ድምጿን የሰማ በግ፣ እውነቴን ነው፣ ግሼ ሳይደርስ አይቆምም ነበር፤ እዚያ ራቤል ገበያ ላይ ባለቤት አልባ በግ ካጋጠማችሁ የእሷ ስደተኛ ነው። ታዲያ ከተቀበረች በኋላ ልጠይቃት ብሄድ ምን ባይ ጥሩ ነው? አንድ ሙክት አፈሯ ላይ ተጋድሞ ያመሰኳል። ያውም ዓይኑን ጨፍኖ።

በአርባዋ ዕለት ሕዝቡ በተሰበሰበበት ተነሣሁና «ሙት ዓመቷ ሳይደርስ መቃብሯን በብረት አጥራለሁ፤ ያውም በገዛ እጄ!» አልኩ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እጄን ያውቀዋላ።

አዲስ አበባ ያለው ልጄ ይህን ሰምቶ፣ አባቴ ከሚዋረድ ብሎ መሰለኝ፣ የብየዳ ማሽን ላከልኝ። የጣት ውፍረት ባለው ዘንግ የሚበይደው የድሮው ዓይነት አይደለም፤ ይሄኛው እንደ ሸረሪት ቀጭን ሽቦ ከሆዱ እየተፋ ይበይዳል፤ አጠገቡም የጋዝ ሲሊንደር ይቆማል። ጋዙ የሚነድ አይደለም፤ ሥራው የቀለጠውን ብረት አየር እንዳይነካው መሸፈን ብቻ ነው። ልጄ ይህን በስልክ ሲያስረዳኝ «ገባኝ» አልኩት። ያልገባኝን ቶሎ «ገባኝ» ማለት የዕድሜ መብቴ ነው።

ማሽኑን ቤት ውስጥ ልተክል ስል የሟች ታናሽ ወንድም፣ ቄስ አጥናፉ፣ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ጋሼ፣ የቀጥቃጭ እሳት ከጣሪያ በታች አይገባም። እህቴ በኖረችበት ቤትማ በፍጹም!»

«አባ፣ ይሄ እኮ ኤሌክትሪክ ነው።»

«ብረት ያቀልጣል?»

«ያቀልጣል።»

«እንግዲያው ቀጥቃጭ ሆነዋል። ይውጡልኝ!»

አያችሁ የእኛን ነገር? ማረሻችንን የሠራልንን ሰው «ዓይኑ ይበላል» ብለን ልጃችንን ነፍገነው ኖርን። ዛሬ ዘመሮ ከተማ ካለው በያጅ ደጃፍ ተሰልፈን፣ የቆርቆሮ በር ለማሠራት «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እንላለን። እሳቱ ያው እሳት፣ ብረቱ ያው ብረት። የተለወጠው መነጽሩ ነው።

እንግዲህ ወጣሁ። ውጭ ማለት በእኛ አገር ነፋስ ማለት ነው፤ የቄስ ጥምጥም ፈትቶ፣ አሳምሮ መልሶ የሚጠመጥም ነፋስ። መጀመሪያ ማሽኑ እሳት እንቢ አለኝ፤ ለካ ብረቱን የሚነክሰውን መንጋጋ ያስነከስኩት ቀለም ላይ ኖሯል። ቀለሙን ፋቅሁ። ቀጥሎ ሽቦው ሆዱ ውስጥ እንደ ሰነፍ ሸማኔ ድር ተወሳሰበ። ፈታሁት። ደግሞ በገበያ ቀን ወፍጮው ሲነሣ መብራቱ ይደክምና ማሽኑ እንደኔ ያስላል። ወፍጮው እስኪያርፍ ጠበቅሁ። ብቻ አንድ ቀን፣ ተመስገን፣ ተንጣጣ! ማሽኑ ሲጮህ ደስ አለኝ፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚጮህብኝ ስለሌለ።

ጭምብሌን አንሥቼ ብየዳውን ሳይ ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ለእንጀራ ቢሆን የሚያስመሰግን ዓይን ነበር። በእግሬ ነካ ባደርገው ለአጥሩ የገዛሁት ቱቦላሬ ብረት አንዱ ከሌላው ተለያየ። መላልሼ በየድሁ፤ ተመላልሶ ተለያየ።

ቄስ አጥናፉ ጎንበስ ብለው አዩት። «ዓይን አርፎበታል» አሉና ጠበል ረጩበት። ጠበሉ ለነፍስ ፍቱን ነው፤ የረጠበ ብረት ግን ሲበየድ ይብስበታል። ቀዳዳው እጥፍ ሆነ። ቄሱም «አላልኩዎትም? ቡዳው እየለፈለፈ ነው!» ብለው እርፍ።

ሙት ዓመቷ ቀረበ። እኔ ግቢዬ ውስጥ ከተሰባበረ ብረት ጋር ቀረሁ። የሰፈሩ ሰው ሲያልፍ «አጥሩስ?» አይለኝም፤ ይሄ ደግሞ ከመጠየቅ ይከፋል። ሙክቱ እየወፈረ ነው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቄሱ ጋር ወደ መቃብሯ ሄድን። ሙክቱን አስነሣነው፤ ቅር እያለው ተነሣ። ቄሱ ጧፍ ለኮሱ፤ ነፋሱ እፍ አለው። ደግመው ለኮሱ፤ አሁንም እፍ። በሦስተኛው ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው የካባቸውን ጫፍ እንደ ክንፍ ዘርግተው ጋረዱት። ጧፉ ቀጥ ብሎ ነደደ።

እኔ ጸሎቱን ረሳሁት። ዓይኔ ካባው ላይ ቀረ።

«አባ፣ የበላብን ዓይን አይደለም። ነፋሱ ነው! ጋዙን ከብረቱ ላይ እየገፈፈ ይወስደዋል።»

«በመቃብር ላይ ስለ ጋዝ ያወራሉ?»

«ለመቃብሯ ነዋ!»

ቤት ገባሁና የሚጋርድ ነገር ፈለግሁ። ጨርቅ እንዳልሰቅል ፍንጣሪው ያነደዋል። የበግ ጠጉር ግን እሳት ሲያርፍበት ጠቁሮ ይሞታል እንጂ አይቀጣጠልም። ቤቱ ውስጥ ያለው የበግ ጠጉር አንድ ብቻ ነው፦ ዘነበች ፈትላ ያሠራችው ጥቁር ባና። እሷ በሕይወት ሳለች ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እንኳ ዘብ ትቆምለት ነበር። ብዙ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ይዤው ወጣሁ፤ ቄሱ በአንድ ጫፍ፣ መሬት ላይ የተከልኩት አጣና በሌላው ጫፍ ያዙት፤ እኔ ከውስጡ ተጎንብሼ በየድሁ።

ጭምብሌን ሳነሣ ብየዳው እንደ ገብስ ዛላ ተደርድሮ ተኝቷል። ረገጥሁት። ዘለልሁበት። ቄሱም ጥምጥማቸውን ይዘው በአንድ እግራቸው ሞከሩት። ወይ ፍንክች!

በሙት ዓመቷ ዕለት አጥሩ ቆመ። ትንሽ ዘመም ይላል፤ ቢሆንም አጥር ነው። ሰዉ በእጁ እየነቀነቀ ዞረው፤ እንባዬን በነፋሱ አሳበብኩ። ሙክቱም መጣ፤ ዞረ፣ ዞረና ከውጭ ቆሞ አለቀሰ፤ እኔ ነኝ ያየሁት፣ አለቀሰ።

ቄስ አጥናፉ ትከሻዬ ላይ ያለውን ባና አንሥተው ወደ ብርሃን ዘረጉት። ከብረቱ ያባረርነው ቀዳዳ ሁሉ እሱ ላይ ሰፍሯል፤ ሰማዩ በፍንጣሪው ቀዳዳ ያያችኋል።

«ጋሼ፣ ይሄማ ብርድ ያስገባብዎታል። ይጣፍ እንጂ!»

«ይጣፍ ነበር፣ አባ» አልኳቸው። «የምትጥፈው አጥሩ ውስጥ ሆነች እንጂ።»