በቀቀኔን ልድር ነው

ዓይን አፋር ሰው ምስጢሩን ለማን ይናገር? ለጓደኛ እንዳይነግር ያፍራል፤ ለንስሐ አባት እንዳይናዘዝ፣ መውደድ ኃጢአት አይደለም። እኔ ለበቀቀኔ ነገርኩት። አትሳቁ! ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ በቀቀን የሰማውን መልሶ እንደሚናገር ከእናንተ በላይ አውቃለሁ። ግን ልብ ሲሞላ ትምህርት የት ይገባል?

«ገመቹዬ፣ መቼ ነው የምታየኝ?» ነው የምለው። ዓመታት ስደጋግመው በቀቀኔ ከእኔ አሳምሮ ያዘው። ገመቹ ከአጥራችን ማዶ የሚኖር የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ እሱም በቀቀን አለው። እንግዳ ሲመጣ የወፌን ሽቦ ቤት በነጠላ እሸፍንና «ብርድ እንዳይመታው» እላለሁ። አሰላ ተቀምጦ በጭላሎ ብርድ ማን ይከራከራል?

አክስቴ እትዬ ዘነበች ተከራከሩ። ከጢቾ ሊጠይቁኝ መጥተው፣ ገመቹም ሰላም ሊላቸው ጎራ ብሎ ሳለ ነጠላውን ትክ ብለው አዩና «ይኼን ያበረደው ብቸኝነት ነው። ከዚህ ልጅ ወፍ ጋር ለምን አትድሩትም?» አሉ።

ገመቹ ሳቀ። «እትዬ፣ የትኛው ወንድ፣ የትኛው ሴት እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«ከላባ ሥር በሚወሰድ ዲኤንኤ» አልኩ እኔ። ምን አስለፈለፈኝ!

«እንግዲያው አስመርምሩ። ሴቷ ወደ ባሏ ቤት ትሄዳለች፤ ወጉ ነው።»

ገባችሁ? የእኔዋ ሴት ከሆነች ምስጢሬን በአፏ ይዛ ገመቹ ቤት ልትገባ ነው። ያለ ነጠላ!

ላባዎቹ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ወደምትሠራ ጓደኛዬ ተላኩ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ጠመኔ ከእጄ ይወድቃል። ተማሪዎቼ ስለ ዶሮ ክሮሞሶም ሲጠይቁኝ ላብ ያጠምቀኛል። እንቅልፍማ ተረሳ።

ውጤቱ መጣ፤ የእኔ ወንድ፣ የገመቹ ሴት። ተመስገን!

ሙሽራይቱን ራሱ ገመቹ አመጣት፤ ሽቦ ቤቷን በጋቢ ጥቅልል አድርጎ።

«ምነው?» አልኩት።

«ብርድ እንዳይመታት ነው፣ ቲቸር» አለና ጆሮው ቀልቶ ወጣ።

ጋቢውን ገለጥኩ። ሙሽራይቱ ግራ ቀኝ አየችና በራሱ በገመቹ ድምፅ «ዛሬስ እነግራታለሁ!» አለች።

ማንን? ብለምናት፣ የሱፍ ፍሬ ብሰጣት አልጨመረችም። በማግስቱም «ዛሬስ እነግራታለሁ!» አለች። ቁጭ ብድግ አልኩ፤ አጥሩን አየሁ፤ መልሼ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ ሁለቱንም ወፎች አንጠልጥዬ የገመቹን በር አንኳኳሁ።

«ምነው ቲቸር፣ ሴቷ ባሏ ቤት ገብታ የለ?»

«ሙሽሮች ለመልስ የሚስት ቤተሰብ ዘንድ ይጠሩ የለ?» አልኩና የእኔን ወፍ በእጁ አስያዝኩት።

ነጠላውን ቤት ትቼዋለሁ።