የስቬን መርዶ በሄሰልቢ

እኛ ሰዎች ለሞት ዜና የምናደርገውን ጥንቃቄ ለሕይወት ብናደርገው የት በደረስን! አገር ቤት ዘመድ የሞተበትን ሰው ነገር ስቶክሆልም ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ ከእሱ ቀድሞ ይሰማል። የማይሰማው እሱ ብቻ ነው። ሲደውልም «ትንሽ አመም አድርጓቸው ነበር፣ አሁን ደህና ናቸው» ይባላል። እናንተም እንዲህ ተብላችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ደህና የተባሉት ሰውዬ ሣልስታቸው ወጥቷል። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል፤ ሽማግሌዎች ተሰልፈው ቆመዋል። ሐዘንተኛው አንድ ቃል ሳይሰማ ራሱን ይዞ ይጮኻል። በዚያ ሰዓት ለጨዋታ የሚመጣ ሰው የለማ!

ስዊድኖች ግን ይደውላሉ። ሞተ ይላሉ፣ በሐዘንዎ ተካፋይ ነኝ ይላሉ፣ ስልኩ ይዘጋል። ይህን ነገር እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

የምሠራው ሄምሸንስት ነው፤ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ እረዳለሁ። ከሁሉም አብልጬ የምወዳቸው ከስቶክሆልም ዳር፣ ሄሰልቢ ውስጥ አባታቸው በሠሩት የእንጨት ቤት ብቻቸውን የሚኖሩትን ብሪታን ነበር። ስዊድንኛ አንቱታ ስለማያውቅ በአፌ አንቺ እያልኩ በሆዴ አንቱ የምላቸው ሴት ናቸው። ባለ መሳቢያ ሣጥናቸው ላይ የታላቅ ወንድማቸው የስቬን ፎቶ ቆሟል፤ ቆቡን ዘንበል አድርጎ የሚስቅ መልከ መልካም ወጣት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስዊድን ባትዋጋም ባሕሯን ትጠብቅ ነበርና፣ ስቬን ከጓዶቹ ጋር ውሃ ላይ በሚያርፍ የጦር አውሮፕላን ለቅኝት ወጣ። ጭጋግ ነበር። አውሮፕላኑም ሰዎቹም በዚያው የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ።

«ጠፋ አሉን እንጂ ሞተ አላሉንም» ይላሉ ብሪታ። ስለዚህ እናታቸው ለልጃቸው ሳያለቅሱ አለፉ፤ ብሪታም ከዚያ ቤት ንቅንቅ አላሉም። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፤ ወድቀውበት ያውቃሉ። የከተማው አስተዳደር፣ ኮሙዩኑ፣ ሊፍት ያለው ቤት ልስጥዎ ቢላቸው «ስቬን የሚያውቀው ይህን ቤት ነው» ብለው መለሱ። እኔም ክንዳቸውን አጥብቄ እየያዝኩ ማውጣትና ማውረዴን ቀጠልኩ።

አንድ ማለዳ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በቱነልባና ውስጥ በነፃ የሚታደለውን ጋዜጣ ስገልጥ ያ አውሮፕላን ተገኘ ይላል። ጠላቂዎች ከባሕሩ ወለል ላይ አግኝተውታል፤ የሰዎቹም አፅም በውስጡ ነው። መቼም ብሪታ ይህን የሚያህል ነገር ከወረቀት አይረዱም ብዬ እየሮጥኩ ገና ሳይነሱ ደረስኩ። በያዝኩት ቁልፍ ገብቼ ጋዜጣቸውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ የሬዲዮውን ባትሪ አወጣሁ፣ የቴሌቪዥኑን ሶኬት ነቀልኩ፣ የስልኩንም ገመድ እንዲሁ።

«ዛሬ ምን ሆነሻል?» አሉኝ ቁርስ ሳቀርብላቸው።

«ምንም፤ ትንሽ አሞኝ ነው።»

ከዚያ ወደ ከተማዋ ሌላ ጫፍ፣ ወደ ኖርስቦሪ፣ ወደ ወሎው ጋሽ ሰይድ ደወልኩ። ጋሽ ሰይድ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ሁሉንም የሚያረዱ ሰው ናቸው፤ ስልካቸውን ለማንሳት የማይፈራ የለም።

«ሟቹ የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

«ፈረንጅ ነው፣ ጋሼ።»

«መቼ ነው ያረፈው?»

«በጦርነቱ ጊዜ።»

«በየትኛው ጦርነት?»

ነገርኳቸው። «እንግዲያስ ዘግይተናል፤ ነገ በመጀመሪያው ባቡር እንሂድ» አሉ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጋሽ ሰይድ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ለቅሶ ቀርተው የማያውቁት ጡረተኛዋ እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እኔ በመሐል ሆኜ የብሪታን በር አንኳኳን። ለቡና እንኳ ቀጠሮ በሚያዝበት አገር! ብሪታ በሌሊት ልብሳቸው ከፈቱ፣ ሦስታችንንም ተራ በተራ አዩና አስገቡን።

ጋሽ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከአዳም ጀመሩ። እኔ አስተረጉማለሁ። ኖኅ ጋ ስንደርስ ብሪታ እጃቸውን አነሱ።

«ስለ ስቬን ነው የመጣችሁት አይደል? ጋዜጣ ላይ ከመውጣቱ በፊት ደውለው ነግረውኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ? እነሱ ነገሩኝ፣ እኔም አመሰገንኩና ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ አላወቅሁም። ድንች ላጥኩ።» ፎቶውን ቀና ብለው አዩት። «ጋዜጣ ላይ ሲወጣ እንኳ ሰው ይደውላል ብዬ ትናንት ቀኑን ሙሉ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አንድም ሰው አልደወለም።»

ባትሪዎቹ ኪሴ ውስጥ ነበሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተነሥቼ የስልኩን ገመድ ስሰካ ወዲያው ጮኸ፤ ግን ማንም አላነሳውም። እትዬ አልማዝ ስዊድንኛ አያውቁም፤ እስካሁን የታገሡትም በዝቶባቸዋል። «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ብሪታ መጀመሪያ ደነገጡ። ቀጥሎ ግራ የገባቸው መሰሉ። ከዚያ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው እንደ ትንሽ ልጅ አለቀሱ፤ እኛም አብረን አለቀስን። ሦስት ቀን ተመላለስን። ጎረቤቶች በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ እያዩ ገቡ፤ አበባ ይዘው መጥተው ቆመው ሊሄዱ ያሰቡትን ሁሉ ጋሽ ሰይድ እያስቀመጡ አስቀሯቸው።

በሦስተኛው ቀን ብሪታ ስለዚያ ሊፍት ስላለው ቤት ኮሙዩኑን እንድጠይቅላቸው ነገሩኝ።

ሥርዓተ ቀብሩ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የዝንብ ድምፅ ይሰማል። ወታደሮቹ ቀጥ ብለዋል፤ የሟቾቹ ዘመዶች ጉልበታቸውን እያዩ ተቀምጠዋል። እኛ ከኋላ ጥግ ይዘን ነበር። ብሪታ ዞር ዞር ብለው ፈለጉንና በእጃቸው ጠርተው እትዬ አልማዝን ከፊት፣ ከቤተሰቡ ወንበር ላይ አጠገባቸው አስቀመጧቸው። እኔም ለማስተርጎም ተከትዬ ተቀመጥኩ።

እትዬ አልማዝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እዚህ ማልቀስ ይቻላል?»

«ኧረ አይቻልም፣ እትዬ!»

«ምን አለችሽ?» አሉ ብሪታ።

ነገርኳቸው።

«እንዴ፣ ይቻላል በያት እንጂ» አሉ የእትዬ አልማዝን እጅ እየያዙ፤ «የጠራኋት ለዚሁ ነው።»