ለሐሙስ ያልደረሰች ፒክአፕ

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔም በዚሁ ተረት ዕድሜዬን ገፍቻለሁ፤ ከበሬና ከመሬት ጋር የሚውል ሰው ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ዝምታ ግን፣ ልንገራችሁ፣ አንዳንዴ የሰው እግር ያስራል።

ባለቤቴ እግሯ ተሰብሮ ከእንጦጦ ጀርባ ባለው ቤታችን ጀሶ ታስሮላት ተኝታ ነበር። ጀሶው የሚወጣላት ሐሙስ ጠዋት ነው። ወደ ሆስፒታል የሚያወርዳት ደግሞ የልጃችን አሮጌ ፒክአፕ ብቻ ነው፤ ከኋላ ፍራሽ ተነጥፎላት። ሰኞ ዕለት መኪናዋ ቁስቋም ዳገት ላይ ቀጥ አለች። ትንሽ ስታርፍ ትነሳለች፣ ጥቂት ሄዳ ደግሞ ትጠፋለች። ልጄን «መንዳት ባታውቅበት ነው» ብዬ ተቆጣሁት። አልመለሰልኝም። እኔን ነው የወጣው።

ዊንጌት አካባቢ ጋራዥ አስገባናት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አንዴ አየና «የነዳጅ ፓምፕ ነው፤ ነገ ጠዋት ትወስዷታላችሁ» አለ። ነገ ጠዋቱ ረቡዕ ሆነ። ፓምፑ ተቀይሮ ብትወጣ ብዙ ሳትርቅ ቆመች። «እንግዲያው ሞተሩ ይውረድ!» አለ መካኒኩ።

እኛ ዘንድ በሬ ሲታመም ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንዳበላችሁት ነው። ይህ መካኒክ ግን ማንንም አልጠየቀም። እኔም ባለሙያ ሥራ ላይ ሳለ አይነገረውም ብዬ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ ረፋድ፣ ቀጠሮው ካለፈ በኋላ፣ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ አስነሷት፤ ጥቂት ሠርታ ጠፋች። ነዳጁ ይቀዳ ሲባል የታንከሩን ውታፍ እኔው ነቀልኩ። ክዳኑ እሑድ ዕለት ጠፍቶ፣ ወይራ ጠርቤ እንደ ጋን አፍ ግጥም አድርጌ የወተፍኩት ነው። ታንከሩ እንደ ሰው አየሩን በረጅሙ ሳበ። መካኒኩ ድምፁን ሰምቶ ደግሞ ቢያስነሳው ሞተሩ አልጠፋም።

«አየር አጥታ ነዋ! ታንከሩ አየር ካልገባበት ነዳጁ አይወርድም» አለ መካኒኩ፣ ወደ ልጄ ዞሮ። «አንተ፣ መኪና ነው ወይስ የጠላ ጋን?»

ልጄ አቀረቀረ። ማን እንደወተፈው ያውቃል።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ልጁ ጥፋት የለበትም።»

«ታዲያ አባቴ፣ አራት ቀን ሙሉ ምነው ዝም አሉ?»

«አንተስ አራት ቀን ሙሉ ምነው አልጠየቅኸኝ?»

መካኒኩ ኮፈኑን ዘጋው። ልጄ በሩን ከፍቶ «ይግቡ አባባ፤ እማዬ እየጠበቀች ነው» አለኝ።

ቀጠሮው ወደሚቀጥለው ሐሙስ ተዛወረ። ለባለቤቴ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። «ጀሶው ሥር እየበላኝ ነው» አለች። «ሳምንት የጨመርክብኝ አንተ ነህ፤ በል እከክልኝ።»

ጀሶው ሥር የሚገባ ቀጭን ስንደዶ ፈልጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ዝቅ አድርገው» ትላለች። ዝቅ አደርገዋለሁ።