የመኝታ ቤታችን ስንጥቅ

አርጅቶ የማይሰነጠቅ ነገር የለም። የእኔ ተረከዝ ተሰንጥቋል፤ የካ ዳገት ላይ ያለው የጭቃ ቤታችን ግድግዳም ተሰንጥቋል። አውሮፕላንስ? ሰማይ ስለወጣ ከእርጅና ያመለጠ ይመስላችኋል? ሲወጣ እንደ ኳስ ይነፋል፣ ሲወርድ ይተነፍሳል፤ ይህ ዕድሜ ልኩን ሲደጋገም ብረቱ ይደክማል። ልዩነቱ፣ እሱ ስንጥቁን በባትሪና በአጉሊ መነጽር የሚፈልግለት ሰው አለው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካገኘሁ መንገደኛ ቢያለቅስ፣ አለቃ ቢቆጣ አልሰማም። "ከመቅረት መዘግየት ይሻላል" ብዬ አውሮፕላኑን አስቆማለሁ። ፊርማዬ ከሚኒስትር ፊርማ በላይ ይፈራ ነበር ብል ማን ይከለክለኛል? ለክፉ የማትሰጥ ስንጥቅ ከሆነች ደግሞ ጫፏ ላይ አስምሬ ቀን እጽፋለሁ፤ መስመሩን ካለፈች እያደገች ነው ማለት ነው። የቤቴንስ ግድግዳ? ባለቤቴ አስካለ፣ የአውሮፕላን ፀጉር ይታይሃል፣ የቤትህ ገደል አይታይህም ስትለኝ፣ "ነገ" እያልኩ ስንት ክረምት አለፈ።

ዘንድሮ ልጃችን ናይሮቢ ወለደችና አስካለ አራሷን ልትጠብቅ ሄደች። ሁለት ወር! ያቺ ጠባብ ቤት ስፋቷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ናፈቀችኝ፤ ምን ይደበቃል? ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ በሩን በነካው ቁጥር የመጣች እየመሰለኝ ብድግ እላለሁ። ሥራ ፈትቼ ከምብሰለሰል ብዬ፣ በየጠዋቱ የመኝታ ቤታችንን ግድግዳ ስንጥቅ ጫፍ በእርሳስ እያሰመርኩ ቀን መጻፍ ጀመርኩ። እርሳስ አውሮፕላን ላይ ክልክል ነው፣ ገላውን ይበላዋል። ጭቃ ግን እርሳስ አይፈራም።

የመመለሻዋ ቀን ተላጭቼ፣ ዶሮ አሠርቼ ስጠብቅ ደወለች። የአውሮፕላኑ በር ጠርዝ ላይ ስንጥቅ ተገኘ ብለው አስወርደውናል፣ የምንነሳው ነገ ነው አለችኝ። ጮህኩ። ለአንዲት ስንጥቅ? ምን ብታህል ነው? ደግሞስ ማነው የፈረመው? አስካለ ሳቀችና፣ ያ "ከመቅረት መዘግየት ይሻላል" ባዩ ሰውዬ የት ሄደ አለችኝ። ጡረታ ወጥቷል አልኳት።

ስልኩን ስዘጋ ግን አፈርኩ። በፊርማዬ ስንቱን መንገደኛ አሳድሬያለሁ! መንገደኛው ሁሉ እቤት ተላጭቶ የሚጠብቀው ሰው እንዳለው አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። ያን ስንጥቅ ያገኘውን የማላውቀውን ሰው፣ ዓይንህን ያብራልህ ብዬ መረቅሁትና ዶሮውን ለነገ ከደንኩት።

በማግስቱ መጣች። አገላብጬ ከሳምኳት በኋላ፣ ይኸው ቤትህን አታይም ስትዪኝ ለኖርሽው ብዬ በኩራት ወደ ግድግዳው ወሰድኳት። ቀኖቹ ከላይ እስከ ታች በሰልፍ ተጽፈዋል። አስካለ መነጽሯን አድርጋ ቀኖቹን አንድ በአንድ አነበበች፤ መስመሮቹን ፈለገች። ሁሉም እዚያው በዚያው ላይ ተሰምረው አንድ ወፍራም ጥቁር መስመር ሆነዋል።

ዘወር ብላ ፊቴን አየችኝና፣ "አንተ፣ ይኼ ስንጥቅ እኮ ንቅንቅ አላለም። ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ምን ስትለካ ከረምክ?" አለችኝ።