ተባብረን ያሳመርነው አውሮፕላን

እኛን ሐበሾችን ዕቃ አስጠግኑን እንጂ እንዳታማክሩን! ያማከራችሁን ዕለት ንብረታችሁን እርሱት...

ሙሶኬ የሚባል የካምፓላ ተወላጅ ወዳጅ አለን። ሞተር የሌለው፣ በመኪና ተጎትቶ የሚነሳና በነፋስ የሚንሳፈፍ አሮጌ የውድድር አውሮፕላን አለው። ለእሁዱ ውድድር እንዲሻሻልለት እዚሁ ካምፓላ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ወዳለው የሐጂ እንድሪስ ጋራዥ አመጣው። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ በመኪና ቦዲ ሥራ እጃቸው አይታማም። ክንፉን በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው አለሰለሱት፤ ክፍተቱን ሁሉ በፕላስተር ደፈኑት፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ወደ ላይ የታጠፈ ትንሽ ክንፍ ቀጠሉለት። እዚህ ላይ ቢበቃ ምን ነበረበት?

"ሙሶኬ የኛ ሰው ነው፤ ባዶውን አንሸኘውም!" አሉ ሐጂ።

በቃ! ወሬው ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈራችን ኪሱጉ ደረሰና ስጦታው ጎረፈ። ባለሱቁ የጅማው ነስሩ ወፍራም የስፖንጅ ወንበር አመጣ። ሌላው ምንጣፍ። ሐጂ ራሳቸው ከአይሱዙ የተረፈ የብረት መከላከያ በብሎን አሰሩለት።

"ሐጂ፣ ሰማይ ላይ ከምን ጋር ይጋጫል?" አልኳቸው።

"አንተ፣ ወፍ አታውቅም እንዴ?"

እኔስ? እኔማ ጡሩምባ ከነባትሪው ገጠምኩ። ምን ታዩኛላችሁ... ለወፉ ነዋ!

ቅዳሜ ለሙከራ ሜዳ ወጣን። ፒክአፑ ጎተተ፣ ጎተተ... አውሮፕላኑ ከመሬት ስንዝር ሳይነሳ ሜዳውን ጨርሶ የማቶኬ ሙዝ እርሻ ጠርዝ ላይ ቆመ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ ግን ተባብረን አውሮፕላን አሰርን!

ሙሶኬ የስፖንጅ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ላቡን ጠረገ። ከጋራዡ በለመዳት አማርኛ ላይ የአገሩን "ጌታዬ" ቀላቅሎ "ሐጂ ሴቦ፣ ነገ ውድድር ነው። እባክዎ የሆነ ነገር ይነሳ!" አለ። ወላሂ አንጀቴን በላው። ዓመቱን ሙሉ የጠበቃት እሁድ ናት።

ግን የማን ይነሳ? ወንበሩ ቢነሳ ነስሩ ይቀየማል። ምንጣፉ ቢነሳ ሰጪው ቤታችን አይደርስም። የሐጂን ብረት ደግሞ ማን ደፍሮ ይነካል!

"ጡሩምባውስ?" አለኝ ሙሶኬ።

እኔ እንኳ አልሰማሁትም።

ሽማግሌዎች ከክንፉ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ተመከረ፣ ተዘከረ፣ ዱዓም ተደረገ። በመጨረሻ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሱ።

"አልሐምዱሊላህ! ማንንም ሳናስቀይም የምናነሳውን ከባድ ነገር አግኝተነዋል።"

"ምንድን ነው?" አለ ሙሶኬ ፊቱ በርቶ።

ሐጂ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

"አብሽር ልጄ... አንተን ያዋጣ ሰው የለም። ውረድ!"